ምዕራፍ ስድስት፦ «ብቻዬን እወጣዋለሁ»

የተጨነቀ ወጣት «ምን ሆነሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው «ምንም» ብሎ ነው። ይህ ምዕራፍ ያ «ምንም» ምን እንደሚሸፍን ለመረዳት ይሞክራል። ጭንቀት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ከዚያ ወደ ሁለት ጥያቄዎች እንሻገራለን፦ በጭንቀት የተያዘ ወጣት የሰው ድጋፍ ለመቀበል ለምን ይቸገራል? ደግሞስ ከሚቀርብለት ድጋፍ የትኛው ይጠቅመዋል፣ የትኛውስ ሳይታወቅ ጭንቀቱን ያሳድግበታል?

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) 301 ሚሊዮን ሰዎች ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገምታል። ከእነዚህ ውስጥ 58 ሚሊዮኑ ሕፃናትና ታዳጊዎች ናቸው። ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው መካከል የሚያገኙት ደግሞ ከአራቱ አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው። ሐኪምና መድኃኒት በአቅራቢያ አለመኖሩ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ዝምታ ነው፤ ያንን ለመስበር ሆስፒታል እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሰውነት ቀድሞ ይናገራል

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ዋልተር ካነን በ1915 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ እንስሳ አደጋ ሲገጥመው በሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አስረዳ። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበረክታል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሮጥ ተሰናዳ ማለት ነው። በጨለማ ከጅብ ጋር ለተገናኘ መንገደኛ ይህ ዝግጅት ነፍሱን ያተርፍለታል። ችግሩ ሰውነታችን ለጅብ አንድ፣ ለፈተና ወረቀት ሌላ ዓይነት የማንቂያ ሥርዓት የሌለው መሆኑ ነው። ለሁለቱም የሚነሳው ያው ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት አንዲት የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እናስብ። ከቤተሰቧ ርቃ ተመድባለች። ነገ ክፍል ፊት ቆማ ፕረዘንቴሽን ማቅረብ አለባት። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ሲነጋ ልቧ ይመታል፣ ሆዷ ይላወሳል፣ ደረቷን ያፍናታል፣ ጣቶቿን ይደነዝዛታል። ድንዛዜው የሚመጣው በፍጥነት ስትተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ከመጠን በላይ ስለሚወጣ ነው፤ ራስ የሚያዞረውም ይኸው ነው። እሷ ይህን አታውቅም። «ልቤ ሊቆም ነው» ትላለች፤ ይህ ሐሳብ ራሱ አዲስ ፍርሃት ይወልዳል፣ ፍርሃቱም ልቧን የበለጠ ያስሮጠዋል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ድንገተኛ የድንጋጤ ጥቃትን ያብራራው በዚህ ዑደት ነው፤ ሰውየው የሰውነቱን ምልክት እንደ ሞት ምልክት ይተረጉመዋል፣ ትርጉሙም ምልክቱን ያባብሰዋል። እንዲህ ያለው ጥቃት እጅግ የሚያስፈራ ቢሆንም በደቂቃዎች ውስጥ ጣራው ላይ ይደርስና በራሱ ይበርዳል።

እንዲህ የሚሰማው ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ልቡን፣ ጨጓራውን ወይም ደም ማነስን ነው። መመርመሩ ተገቢ ነው፤ የደም ማነስም ሆነ ከልክ በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ ተመሳሳይ ስሜት ሊፈጥሩ ይችላሉ። አደገኛው ነገር የሚመጣው ምርመራው ንጹሕ ሆኖ «ምንም የለብሽም» ስትባል ነው። ልጅቷ ይህን የምትሰማው «ታስመስያለሽ» እንደ መባል ነው። ሊነገራት የሚገባው ሌላ ነበር፦ «ልብሽ ጤነኛ ነው። የሚሰማሽ ነገር ግን እውነት ነው፤ ስምም ሕክምናም አለው።»

አንድ ነገር መካድ የለብንም። የወጣቶቻችን ጭንቀት ከባዶ የመጣ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲወስዱ ሲደረግ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ሰምቶ ለፈተና የሚቀመጥ ልጅ መፍራቱ የሚጠበቅ ነው። ፍርሃት ወደ ሕመም የሚጠጋው ፈተናው ካለፈ በኋላም ሳይለቅ ሲቀር፣ ከአንዱ ጉዳይ ወደ ሌላው እየዘለለ ለወራት ሲዘልቅ፣ እንቅልፍን፣ ትምህርትንና ከሰው ጋር መዋልን ሲነጥቅ ነው። ሐኪሞች አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ብለው ለመወሰን በአብዛኛው ስድስት ወር የዘለቀ ጭንቀትን ይመለከታሉ። እርዳታ ለመጠየቅ ግን ስድስት ወር መቁጠር አያስፈልግም።

ሽሽት የሚከፍለው ዋጋ

ተማሪያችን ያን ቀን «አሞኛል» ብላ ዶርም ቀረች እንበል። ወዲያው ልቧ ይረጋጋል። እፎይታው እውነተኛ ነው፤ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። አንጎሏ ከዚህ የሚማረው «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» የሚለውን ነው። በቀጣዩ ሳምንት ክፍል ፊት መቆም ይቅርና እጅ አውጥቶ መጠየቅ ይከብዳታል። ከዚያ ክፍል መግባት፣ ቀጥሎ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ካፌ መግባት። የምትሸሸው ነገር በበዛ ቁጥር የምትኖርበት ዓለም ይጠባል።

ጭንቀት በር ላይ እንደታሰረ ውሻ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጮኻል። እንግዳው ከበር በተመለሰ ቁጥር ውሻው ጩኸቱ ቤቱን ያዳነ ይመስለዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አብልጦ ይጮኻል። ዝም የሚለው እንግዳው ገብቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ በሰላም ሲወጣ ደጋግሞ ካየ ብቻ ነው።

ይህ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በፊት ተፈትኗል። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ጥንቸል አጥብቆ ይፈራ ስለነበረና በጥናቱ ፒተር ስለተባለ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጽፋለች። ጥንቸሉን በአንድ ጊዜ ጭኑ ላይ አላስቀመጠችበትም፤ ከዓይኑም አልሰወረችውም። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉ በጥቂት በጥቂቱ እንዲቀርበው አደረገች፤ በመጨረሻም ልጁ ጥንቸሉን ደባበሰ። የዛሬው የጭንቀት ሕክምና ዋና መሣሪያ፣ ማለትም ከሚፈራው ነገር ጋር ደረጃ በደረጃ መገናኘት፣ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ በጣም የሚጠቅመው ግን ሌላ ዝርዝር ነው። ፒተር ከጥንቸሉ ጋር ሲገናኝ ብቻውን አልነበረም። ጥንቸል የማይፈሩ ሌሎች ሕፃናት አብረውት እንዲጫወቱ ይደረግ ነበር። ፍርሃቱን ያለፈው በሰው መሐል ሆኖ ነው።

ታዲያ ለምን ብቻችንን?

የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ግምገማ፣ ወጣቶችን ለአእምሮ ጤና እርዳታ ከመጠየቅ የሚያግዷቸውን ነገሮች ከብዙ ጥናቶች ሰብስበው ተመለከቱ። ጎልተው የወጡት ሦስት ናቸው፦ የሰው አፍ መፍራት፣ የያዛቸውን ነገር እንደ ሕመም አለመለየት፣ እንዲሁም «በራሴ ልወጣው» የማለት ፍላጎት።

ሦስቱም እኛ ዘንድ የራሳቸው መልክ አላቸው። የሰው አፍ ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ስም ጋር ይያያዛል። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበር፣ የአእምሮ ሕክምና ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ከባዱ ሕመም ነው። ልቡ የሚመታበትና እንቅልፍ ያጣ ወጣት «ሐኪም አማክር» ሲባል «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ያ ሆስፒታል ለስንቱ ቤተሰብ የደረሰ ባለውለታ ሆኖ ሳለ ስሙ መሰደቢያ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

«በራሴ ልወጣው» የሚለውም ከትዕቢት የሚመነጭ አይደለም። እናቱ ጉሊት ቸርችራ ያስተማረችው ልጅ «ተጨንቄያለሁ» ማለት ውለታ መካድ ይመስለዋል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ቤት ሠራተኛ ሆና ለቤተሰቧ ገንዘብ የምትልክ ወጣት ስልክ ስትደውል «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል ያላት አይመስላትም። ወንዱ «ወንድ ልጅ አይፈራም» እየተባለ አድጓል። አማኙ ደግሞ ጭንቀቱን የእምነት ማነስ ምልክት አድርጎ ራሱን ይወቅሳል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ፍቅርና ኃላፊነት አለ፤ ልጁ ዝም የሚለው የሚወዳቸውን ላለማስጨነቅ ነው። ይሁን እንጂ አበው እንዳሉት በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የሚወዱት ሰዎች ደግሞ ሳይነገራቸውም እየተጨነቁ ነው፤ ልዩነቱ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አለማወቃቸው ብቻ ነው።

ሰው ብቻውን ሲሆንና ከሰው ጋር ሲሆን አደጋን የሚያይበት መንገድ እንደሚለያይ በአንጎል ላይ ጭምር ታይቷል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ኮን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት 16 ያገቡ ሴቶች የአንጎል ምስል ማንሻ ውስጥ ሆነው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል ተነገራቸው። አንዳንዴ ብቻቸውን ሆኑ፣ አንዳንዴ የማያውቁት ሰው እጃቸውን ያዘ፣ አንዳንዴም ባላቸው ያዘ። የባላቸውን እጅ ሲይዙ አንጎላቸው ለአደጋው የሚሰጠው ምላሽ ጎልቶ ቀነሰ፤ ትዳራቸው በሠመረ ቁጥር ደግሞ ቅናሹ በዛ። የማስጠንቀቂያው ምልክት አልተለወጠም። የተለወጠው ማን አጠገባቸው እንዳለ ነው።

የሚያሸሽ ድጋፍ፣ አብሮ የሚሄድ ድጋፍ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ድጋፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ተማሪያችን ለእናቷ ደወለች እንበል። እናትየዋ «ልጄ ከምትሞትብኝ ትምህርቱ ይቅር፤ ዛሬውኑ ተሳፍረሽ ነይ» ትላለች። ይህ እውነተኛ የእናት ፍቅር ነው። ነገር ግን ልጅቷን ያስተማራት ነገር «በእርግጥም አትችይም፤ ሽሺ» የሚል ነው። ተቃራኒውም አለ፤ «ምን ጎደለሽ? እኛ ስንቱን አሳልፈናል!» የሚለው ቁጣ። ይኼኛው አፏን ይዘጋዋል። አንዱ ሽሽቱን አጸና፣ ሌላው ዝምታውን አጸና።

በዬል ዩኒቨርሲቲ ኤሊ ሌቦዊትዝ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን ለወላጆች የሚሰጥ ሥልጠና አዘጋጅቷል። ወላጆች ሁለት ነገር ይማራሉ፤ ልጃቸው እንዲሸሽ የሚያመቻቹለትን ነገር ቀስ በቀስ መቀነስና ይህንን ሲያደርጉ በሚደግፍ ቃል መናገር። የሚደግፈው ቃል ሁለት ክፍል አለው፦ ስሜቱን መቀበል፣ በልጁ አቅም መተማመን። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ወላጆቻቸው ብቻ የሠለጠኑላቸው ልጆች፣ ራሳቸው ከባለሙያ ጋር የሥነ ልቦና ሕክምና ከተከታተሉት ልጆች የማያንስ ለውጥ አሳዩ። ቤተሰብ ምን ያህል አቅም እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። የኛዋ እናት ይህን ብታውቅ ኖሮ በስልክ እንዲህ ትል ነበር፦ «እንደከበደሽ ይገባኛል የኔ ልጅ። ግን ትችይዋለሽ። ነገ ክፍል ገብተሽ ስትወጪ ደውይልኝ፤ እጠብቅሻለሁ።»

ከዚህ የሚቀራረብ ትምህርት ከዚምባብዌ መጥቷል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ፣ ለአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ወደ ሆስፒታል መምጣት ያልቻለች ታካሚው ራሷን ካጠፋች በኋላ ሌላ መንገድ ፈለገ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በተባለው ሰፈር ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመረ። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ብዙ በማሰብ የተሠቃየውን ሰው ያዳምጣሉ። መፍትሔ አይሰጡትም። ችግሮቹን እንዲዘረዝር፣ አንዱን እንዲመርጥ፣ ለዚያም ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን አንድ እርምጃ እንዲያስብ ይረዱታል። ተሞክሮው በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን ባሳተፈ ጥናት ተፈትኖ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ ሲታተም፣ አያቶቹን ያነጋገሩት ሰዎች የተለመደውን ክትትል ካገኙት እጅግ የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ፒተርን፣ የዬሉን ሥልጠናና የሐራሬ አያቶችን አንድ የሚያደርጋቸው ይህ ነው፦ የሚያድን ድጋፍ ፍርሃቱን ከሰውየው ነጥቆ አይሸከምለትም፤ ወደሚፈራው ነገር አብሮት ይሄዳል። እርምጃው የሰውየው ነው። ብቸኝነቱ ግን ይቀርለታል።

እንዴት ይጀመራል?

እርዳታ መቀበል እንደ ማንኛውም ችሎታ በልምምድ ይመጣል። መጀመሪያ ለአንድ ሰው መንገር ይበቃል፤ ለቤተሰቡ ሁሉ ወይም ለዶርሙ ሁሉ መናዘዝ አያስፈልግም። የሚመረጠው ምሥጢር የሚጠብቅና ለምክር የማይቸኩል ሰው ነው፤ ጓደኛ፣ ታላቅ እህት፣ አክስት፣ የሚወደድ መምህር ሊሆን ይችላል። ንግግሩም አጭርና የተወሰነ ቢሆን ይመረጣል። «ሕይወት ሰለቸኝ» የሚል ድፍን ቃል የሚሰማውን ሰው ያስደነግጠዋል፣ ምን እንደሚያደርግም አይነግረውም። «ሰው ፊት መናገር ሲመጣ ልቤ ይመታል፣ ሳምንቱን ሙሉ አልተኛሁም፤ ለአንተ ልንገርህ ብዬ ነው» የሚለው ግን በር ይከፍታል።

ሁለተኛው፣ የሚፈለገውን እርዳታ በስሙ መጥራት ነው። ተማሪያችን ለዶርም ጓደኛዋ እንዲህ ልትላት ትችላለች፦ «ነገ ክፍል አብረሽኝ ግቢ። ልውጣ ብልሽ ግን እሺ እንዳትይኝ።» በዚህች አጭር ቃል ውስጥ የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በሙሉ አለ፤ ጓደኛዋን አብራት እንድትሄድ ጠየቀቻት፣ እንድታሸሻት ግን ከለከለቻት።

ሦስተኛው፣ መሰላል መሥራት ነው። ፕረዘንቴሽኑን መጀመሪያ ዶርም ውስጥ ለጓደኛዋ ታቀርባለች፤ ቀጥሎ ለሦስት ልጆች፤ ከዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ፊት ቆማ፤ ከዚያ በትምህርት ሰዓት አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ በመጨረሻ ታቀርባለች። በእያንዳንዱ ደረጃ ልቧ ይመታል። ግቡ ልቧ እንዳይመታ ማድረግ አይደለም፤ እየመታም መናገር እንደምትችል በተግባር ማየቷ ነው። ጓደኛዋ በመጀመሪያው ቀን ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ በሌላው ጊዜ ኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ውጭ ትጠብቃታለች። ጥሩ ደጋፊ መቼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚል ያውቃል።

አንዳንድ ቀን መሰላሉ ላይ መንሸራተት ይኖራል። ትላንት የቻለችውን ዛሬ ያቅታታል። ይህ ወደ መነሻው መመለስ አይደለም፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መቀጠል ይቻላል። ጭንቀት ያለበት ሰው ቡናና ጫት የልብ ምቱንና እንቅልፍ ማጣቱን እንደሚያባብሱበትም ማወቅ አለበት። በተለይ ለጥናት ተብሎ በሌሊት የሚቃም ጫት ሊያባርሩት የፈለጉትን ጭንቀት መልሶ ያመጣዋል።

ባለሙያ ሲያስፈልግ

ጓደኛና ቤተሰብ የማይበቁበት ጊዜ አለ። ጭንቀቱ ትምህርትን ወይም ሥራን ካስቆመ፣ ምግብና እንቅልፍ ከነሳ፣ መጠጥ ወይም ጫት መደበቂያ ከሆነ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ለአንድ ሰው መንገርና አቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል አብሮ መሄድ ይገባል። ይህን የሰማ ጓደኛ ምሥጢር ልጠብቅ ብሎ ዝም ማለት የለበትም። ብቻውንም አይተወው።

ሕክምናው ምን እንደሚመስል አለማወቅ ራሱ ያስፈራል። የንግግር ሕክምና፣ በተለይ አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያዳበረው ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚፈትሽ ዘዴ፣ ታካሚው ከባለሙያው ጋር ፍርሃቱን እየመረመረ መሰላሉን የሚወጣበት ነው። መድኃኒት ሲያስፈልግ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት ለውጣቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ትዕግሥትና ክትትል ይጠይቃሉ። ዳይዜፓምን የመሰሉት ወዲያው ያረጋጋሉ፤ ነገር ግን ሱስ ሊያሲዙ ስለሚችሉ ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ አደገኛ ነው። በአገራችን የሥነ አእምሮ ነርሶች ከሠለጠኑ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ቢሮ አላቸው። ቁጥሩ ከፍላጎቱ ጋር ባይመጣጠንም የሚኬድበት በር አለ።

እምነትና ሕክምና እንዲሻሙ ማድረግም አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ምእመናን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለጭንቀትም መንገዱ ይኸው ነው። የንስሐ አባት ወይም ሼህ የሚያጽናና ቃል ሲሰጡና «ሐኪሙንም እይ» ሲሉ፣ ወጣቱ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አይገደድም።

የጥሩ ድጋፍ መለኪያ

ቤተሰቦች፣ ጓደኞችና መምህራን የሚሰጡት ድጋፍ እየጠቀመ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ወጣቱ ዛሬ ስለተረጋጋ ብቻ አይደለም፤ ሽሽትም ያረጋጋል። መለኪያው ባለፈው ወር ያቃተውን ነገር ዛሬ እየሞከረ መሆኑ ነው። ክፍል መግባት፣ ሰልፍ መሰለፍ፣ ስልክ አንስቶ ማናገር፣ «ዛሬ ከብዶኛል» ብሎ መናገር ሁሉም ይቆጠራሉ።

ይህን ገጽ እያነበባችሁ ያ «ምንም» አፋችሁ ላይ የከረመባችሁ ካላችሁ፣ ሙሉውን ታሪክ ዛሬ መናገር አይጠበቅባችሁም። አንድ ሰው ምረጡና አንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፤ ከዚያ ምን እንዲያደርግላችሁ እንደምትፈልጉ ጨምሩበት። ያ ሰው በትክክል ካልሰማችሁ ጥፋቱ የመናገራችሁ አይደለም፤ ሁለተኛ ሰው አለ፣ ሦስተኛም አለ። ጭንቀትን ማለፍ ይቻላል፤ ያለፉትም አብዛኞቹ ያለፉት ከሰው ጋር ሆነው ነው።